መሥሪያ ቤት ሲቀየር የጡረታው መዋጮስ?

ሰው በዓመቱ አጋማሽ ሥራ ሲቀይር አስቀድሞ የሚጠይቀው የአዲሱን ደመወዝ ልክ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወጣቶች ጊዜው ሩቅ እየመሰላቸው የሚተዉት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም እስካሁን የተቆረጠው የጡረታ መዋጮ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

በአገራችን የጡረታ ሕግ በ1953 ዓ.ም. ሲወጣ ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ የዚህ መብት ተካፋይ የሆነው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በሁለቱም ወገን ሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣሉ። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው 700 ብር ሲቆረጥበት፣ አሠሪው 1,100 ብር ይጨምርለታል ማለት ነው።

እንግዲህ ዘግይቶ ሥራ የያዘ አንድ ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት 6 ዓመት ሠርቶ፣ በጥር ወር ወደ ግል ኩባንያ ተዛውሮ፣ እዚያም 5 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት ሞላው እንበል። የየወሩን አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ስድስቱም አምስቱም ለየብቻቸው አይበቁም፤ ሲደመሩ ግን 11 ይሆናሉ። ሕጉም የሁለቱ ወገን አገልግሎት እንዲያያዝ ፈቅዷል።

ለወጣቱም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። ከ10 ዓመት በላይ ያለው እያንዳንዱ ዓመት፣ ጣሪያው ከመቶ 70 እስኪደርስ፣ አበሉን በአማካይ ደመወዙ ከመቶ 1.25 ያሳድገዋል። ማስረጃቸው የጠፋ 4 ዓመታት ከመቶ 5 ያጎድላሉ፤ ያውም በየወሩ፣ እስከ ዕድሜ ልክ።

ስለዚህ ሥራ የሚለቅ ሰው የተቀጠረበትና የለቀቀበት ቀን፣ ደመወዙም የተጻፈበትን ማስረጃ ሳይዝ አይውጣ። የጡረታ መለያ ቁጥሩን ለአዲሱ አሠሪ ያስረክብ። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለ መዋጮ የሚያልፉት ወራት በአገልግሎት አይቆጠሩምና ዕረፍቱን አያስረዝም።

ከሁሉም በላይ፣ አዲሱ ድርጅት የሚቆርጠው ለጡረታ ነው ወይስ ለፕሮቪደንት ፈንድ? ብሎ ይጠይቅ። የ2003ቱ አዋጅ አስቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸውን ሠራተኞች በዚያው መቀጠልን ወይም ወደ ጡረታ መግባትን አስመርጧቸው ነበር። ፕሮቪደንት ፈንድ በአንድ ጊዜ ተጠቃሎ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። እጅ ሲገባ ያስደስታል፤ እንደ ጡረታ አበል ግን በየወሩ አይመላለስም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የተበታተኑ የአገልግሎት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው፤ የሚያስተሳስራቸው ዛሬ በጥንቃቄ የተቀመጠች አንዲት ወረቀት ናት።