ስሙ የማይነገር መርፌ

ወገቡን ሲያመው የከረመ ሰው ክሊኒክ ሄዶ ክኒንና ምክር ብቻ ይዞ ከወጣ «ምንም አላደረጉልኝም» ይላል። መርፌ ከተወጋ ግን ታከመ። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ክሊኒኮች ይወጋሉ፣ ሂሳብ ይቀበላሉ፣ የመድኃኒቱን ስም ግን አይናገሩም። ታካሚውም ምን እንደተወጋ ሲጠየቅ «የወገብ መርፌ» ብሎ ያልፋል። የወገብ መርፌ የሚባል መድኃኒት ግን የለም!

ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ወይ ማስታገሻ ነው ወይ ስቴሮይድ። እንደ ዲክሎፌናክ ያለው ማስታገሻ በክኒንም ይገኛል፤ በመርፌ ስለተሰጠ ጨጓራንና ኩላሊትን መጉዳቱ አይቀርም። ስቴሮይድ ደግሞ ሕመሙን ለሳምንታት ሊያበርድ ይችላል፤ የስኳር ሕመምተኛን ስኳር ግን ከፍ ያደርጋል።

የሳምንታት እፎይታ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ መደጋገሙ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የጉልበታቸው መገጣጠሚያ የተጎዳ 140 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። ገሚሶቹ በየ12 ሳምንቱ ስቴሮይድ፣ ገሚሶቹ የጨው ውሃ ተወጉ። በሕመም ስሜታቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ካርቲሌጅ የሚባለው የመገጣጠሚያው ትራስ ግን ስቴሮይድ በተወጉት ላይ ይበልጥ ሳስቶ ተገኘ።

አከርካሪ ላይ የሚወጋውስ? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2014 አልፎ አልፎ ለዓይነ ስውርነት፣ ለስትሮክ፣ ለሽባነትና ለሞት እንደሚዳርግ አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ቢኤምጄ ላይ የወጣ መመሪያም ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የአከርካሪ ሕመም፣ ካንሰርን፣ ኢንፌክሽንንና መሰል መንስኤዎችን ሳይጨምር፣ ይህ መርፌ እንዳይሰጥ አጥብቆ መክሯል።

«የቀን ሠራተኛ ፊዚዮቴራፒ የሚመላለስበት ጊዜ ከየት ያመጣል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን በየወሩ ለመርፌ የሚከፍለውስ ያው የቀን ሠራተኛ አይደለም? አንዴ በባለሙያ የተማረውን እንቅስቃሴ ቤቱ ይሠራዋል። መርፌውን ግን ሁልጊዜ መግዛት አለበት። ሽንት መቆጣጠር ካቃተው ወይም ብሽሽቱ አካባቢ ከደነዘዘ ደግሞ ጉዳዩ የመርፌም የእንቅስቃሴም አይደለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ስለዚህ ታካሚ እጅጌውን ከመሰብሰቡ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? ለምን ያህል ጊዜ ያስታግሳል? በዓመት ስንት ጊዜ መወጋት ይቻላል? መልሱም በካርዱ ላይ ይጻፍለት። ይህን ለመመለስ የሚቆጣ ክሊኒክ ካለ፣ ከዚያ መውጣት ራሱ ሕክምና ነው።