ከዲሴምበር 31 በፊት

«አሮጌ መኪናዎን ይለግሱ፣ ታክስዎን ይቀንሱ!» ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አሜሪካ ውስጥ የሚደጋገም ጥሪ ነው። ክፋት የለበትም፤ ግማሹን ብቻ ይናገራል እንጂ።

እስከ 2004 ድረስ ለጋሹ «ይህን ያወጣል» ብሎ የገመተውን ከገቢው ይቀንስ ነበር። ግምቱ ስለተጋነነ ሕጉ ተቀየረ። ከ2005 ወዲህ፣ ከ500 ዶላር በላይ ለመቀነስ የሚያዘው በአብዛኛው መኪናውን የተቀበለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሸጦ ያገኘው ነው። 3,000 ዶላር ያወጣል የተባለ ቶዮታ ሐራጅ ላይ በ800 ከሄደ፣ ተቀናሹ 800 ነው። ማስረጃውም 1098-ሲ የተባለው ቅጽ ነው። ለዚያውም ተቀናሹን ዘርዝሮ ለሚያቀርብ ሰው። መደበኛውን ተቀናሽ (በ2025 15,750 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ካቀረቡ 31,500) ለሚወስድ፣ ማለትም ለአብዛኛው ሠራተኛ ወገናችን፣ ሰባራ ሳንቲም አይጨምርለትም።

አንድ በር ግን ክፍት ነው። ድርጅቱ መኪናውን መጓጓዣ ላጣ ችግረኛ በነጻ ወይም ከገበያው እጅግ ባነሰ ዋጋ ከሰጠና ይህንኑ በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ የሚያዘው የገበያ ዋጋው ነው። ገና ትናንት የገባ፣ ሌሊት ከሥራ ወጥቶ በብርድ አውቶቡስ የሚጠብቅ ስንት ሰው አለን! አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹና ማኅበራቱ ለምን አይሠሩበትም?

የሚለግስም ቢሆን የተቀባዩ ስም ያልተጻፈበት የመኪና ባለቤትነት ሰነድ (ታይትል) ላይ አይፈርም። ሜሪላንድ ያለ ደግሞ ታርጋውን ሳይመልስ ኢንሹራንሱን ካቋረጠ፣ የቅጣት ደብዳቤው የሚመጣው ለእሱ ነው።