ግድግዳችን የማንን ታሪክ ነው የሚያወራው?



ባለፈው ጊዜ ለቤተሰብ ጉዳይ መተማ ዮሐንስ ወርጄ ነበር። ከዙሁር በኋላ ሙቀቱ መንገዱን ባዶ ሲያደርገው ፀጉሬን ልስተካከል አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ገባሁ። ከመስታወቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በአርሰናል ተሸፍኗል። ተራ ፖስተር እንዳይመስላችሁ። ቀዩ ቀለም፣ መድፉ፣ 1886 የሚለው ዓመት፣ መሀል ላይ ደግሞ 49 የሚል ትልቅ ቁጥር አለበት። በባነር ታትሞ በጥንቃቄ የተለጠፈ፣ ዓይን የሚይዝ ሥራ ነው።

«49 ምንድን ነው?» አልኩት ልጁን።

መቀሱን ሳያቆም ዘረዘረልኝ። ክለቡን እ.ኤ.አ በ1886 የመሠረቱት ለንደን ውስጥ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ መድፉ የመጣው ከዚያ ነው። በ2003/04 የውድድር ዘመን 38 ጨዋታ ተጫውቶ 26 አሸነፈ፣ 12 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። ያለመሸነፉ ጉዞ 49 ጨዋታ ደርሶ ጥቅምት 2004 ላይ በማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ ተቋረጠ። አንዱም አልተሳሳተም።

ማሻአላህ አልኩና ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩት። «ፋሲል ከነማ ከሂላል ጋር የተጫወተውንስ ታስታውሳለህ?»

መቀሱ ቆመ። «የትኛው ሂላል? የሳውዲው?»

ልጁን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ጎበዝ ልጅ ነው። ግድግዳው ያስተማረውን በደንብ ይዟል። ችግሩ ሌላውን የሚያስተምረው ግድግዳ አለመኖሩ ነው። የኦምዱርማኑ ሂላል አገር እኮ ከዚያች ፀጉር ቤት በእግር የሚደረስ ነው። በመተማና በገላባት መካከል ያለው አንድ ድልድይ ብቻ ነው!

ወንድሞቼ፣ የኔ ሐሳብ አጭር ነው። በየጭማቂ ቤቱ፣ በየዲኤስቲቪ ቤቱና በየፀጉር ቤቱ የኳስ ታሪክ መለጠፋችንን አልቃወምም። ግን ገንዘባችንን አውጥተን ግድግዳችንን እስካስዋብን ድረስ በራሳችን መንገድ ላይ ያለፈው ታሪክም አንድ ግድግዳ ይገባዋል። ለመሆኑ የራሳችን የሚባል ታሪክ አለን ወይ? አለን። ጥቂቱን ልንገራችሁ።

በ1949 ዓ.ም የካቲት ወር (እ.ኤ.አ 1957) የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደው ካርቱም ላይ ነው። የተጫወቱት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ። አራተኛዋ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ወጣች። ዛሬ ሚሊዮኖች በቴሌቪዥን የሚከታተሉት ዋንጫ የተጀመረው ከድንበራችን ማዶ ባለች ከተማ፣ የኛው አገር ቡድን ባለበት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 1954 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። 49ኝን በቃሉ የያዘ ልጅ «4 ለ 2» የሚለውን ሲያይ ምንም ትዝ ካላለው የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ለ2013ቱ (እ.ኤ.አ) የአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ኢትዮጵያ የተገናኘችው ከማን ጋር ነበር? ከሱዳን ጋር! እዚያው ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፍን። ብዙ ሰው አበቃ ብሎ ነበር። ጥቅምት 2005 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። ከሜዳ ውጪ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች አሳለፉን። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በዚያ ቀን ነው። እንግዲህ «ተሸንፈን ሳለ ያገባናት ጎል ትጠቅማለች» የሚል ትምህርት ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል? ባለጉዳዩ ሁሉ ፊቱ ሲጠቁርበት በቀን አምስት ጊዜ ቢነበብ የሚያጽናና ነው።

ቀጥሎ የኛው ፋሲል ከነማ አለ። ከመተማ ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ጫፉ ላይ ያለው ክለብ ነው። ለኛ ለቆላዎቹ ከዚህ የቀረበ የፕሪሚየር ሊግ ቡድን የለንም። በ2013 ዓ.ም አፄዎቹ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆኑ። ከፊት መስመር ሙጂብ ቃሲም ነበረ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ። ሙጂብ፣ አቡበከር፣ ሳላዲን... ከኛው ሰፈር ልጆች ጋር አንድ ዓይነት ስም ያላቸው፣ በኛው አቧራ ሜዳ ያደጉ ልጆች ናቸው። ታናሽ ወንድምህ ግድግዳ ላይ የራሱን ስም ሲያነብ የሚሰማውን አስበው።

ፋሲል ሻምፒዮን በመሆኑ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ዕጣ ወጣለት። የደረሰው ማን ሆነ? የኦምዱርማኑ ሂላል! በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2 ተለያዩ። በመልሱ ጨዋታ ሱዳን ላይ 1 ለ 1 ወጡ። ድምር 3 ለ 3። ፋሲል ሁለቱንም ጨዋታ ሳይሸነፍ ወጣ፤ ሂላል ከሜዳው ውጪ ባገባው አለፈ። በ2005 ያሳለፈን ሕግ በ2014 እኛን ጣለ። አያችሁ ፍርዱን? አንዴ ለኛ፣ አንዴ ለነሱ። የዚህ ጨዋታ አንደኛው ጫፍ ጎንደር፣ ሌላው ጫፍ ኦምዱርማን ነው። መተማ መሀል ላይ ናት። ይህ ታሪክ መተማ ግድግዳ ላይ ካልተጻፈ የት ይጻፋል?

የሂላልም ታሪክ ለኛ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1930 የተመሠረተ ክለብ ነው። ሂላል ማለት ረመዳን ሲገባ አንጋጠን የምንፈልጋት አዲስ ጨረቃ ናት። ሰማያዊው ሂላል ነው፣ ቀዩ ተቀናቃኙ መሪኽ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ወዲህ በሱዳን በተነሳው ጦርነት ሁለቱም ክለቦች ከሜዳቸው ተሰደዱ። አገራቸው ሊግ ማካሄድ ሲያቅታት በሞሪታኒያ ሊግ ገብተው ተጫወቱ፤ ሂላልም አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ክለብ እንኳ ስደተኛ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ በመተማ በኩል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ድልድዩን ተሻግረው ወደኛ መጡ። ከነሱ መሀል የሂላልና የመሪኽ ደጋፊ የሆነ ስንት ወጣት አለ! አንድ ቀን ከነዚህ ወንድሞች አንዱ ሻይ ሊጠጣ ቢገባና ግድግዳው ላይ «ፋሲል 3፣ ሂላል 3» የሚል ቢያይ ምን ይሰማዋል? እንግዳ ማክበር በምግብና በውሃ ብቻ አይደለም። «ታሪክህን አውቃለሁ» ማለትም አክብሮት ነው።

አሁን ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሳብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው «የአውሮፓው ኳስ ይበልጣል» የሚለው ነው። በጨዋታ ጥራት ይበልጣል፣ አልከራከርም። ግን አርሰናል ከመሬት ተነስቶ አርሰናል አልሆነም። የፋብሪካ ሠራተኞች የጀመሩትን ነገር ሰዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ጽፈው፣ ሥለው፣ ለልጅ ልጅ ነግረው ነው ዛሬ መተማ ድረስ የደረሰው። እኛ የራሳችንን ካልጻፍን ከመቶ ዓመት በኋላ ማን ይጽፍልናል?

ሁለተኛው ክብደት አለው፤ የሥዕል ጉዳይ ነው። ሥዕል ያለበት ቤት መላእክት እንደማይገቡበት የሚያስተምረውን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተናል። ነፍስ ያለውን ነገር በእጅ መሣልን ብዙ ዑለሞች አጥብቀው ይከለክላሉ። በፎቶግራፍ ላይ ደግሞ ተለያይተዋል። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ ጥያቄ ያለው ሰው የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ። ነገር ግን የተጫዋች ፊት በሚያህል ባነር ሞልተን ከሥሩ የምንሰግድበት ክፍል እንዳለን ራሳችንን እንይ። ዓርማ ላይም ቢሆን ምን እንዳለ ሳያይ የሚለጥፍ ብዙ ነው። ሪያል ማድሪድ ራሱ በአንዳንድ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሚሸጥ ዕቃ ከዘውዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ መስቀል አንስቶ ያውቃል። ባለቤቱ ያስተዋለውን ለጣፊው አላስተዋለም።

ደግነቱ ይህ ችግር መፍትሔው ከራሳችን ቤት የሚገኝ ነው። የሙስሊሙ ዓለም ግድግዳውን ለዘመናት ያስዋበው በፊደል ነው። መስጂዶቻችንን ተመልከቱ፤ ውበታቸው ከጽሑፍና ከቅርጽ እንጂ ከሰው ፊት አይደለም። ያ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይም ቢሆን ዓይኔን የያዘው የማንም ፊት አልነበረም፤ 49 የሚለው ቁጥር ነው። ቁጥርና ፊደል ብቻውን ታሪክ መናገር ይችላል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ ግድግዳ እንምረጥ። የሰው ምስል አይኑርበት። በሁለት ፊደል እንጻፈው፤ በአማርኛና በዐረብኛ፣ ከዚህም ከዚያም የመጣ ሰው እንዲያነበው። በሰፈራችን ከልጅነታቸው ጀምረው ለውሕ ላይ ሲጽፉ ያደጉ፣ እጃቸው የሚያምር ልጆች አሉ። የሞባይል ዲዛይን የሚችሉም አሉ። ሥራውን ለነሱ እንስጥ፣ ድካማቸውንም እንክፈል። አምስት መስመር ይበቃል፦

1949፦ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ካርቱም።
1954፦ ኢትዮጵያ 4፣ ግብፅ 2።
2005፦ ኢትዮጵያ 5፣ ሱዳን 5፤ ከ31 ዓመት በኋላ።
2013፦ ፋሲል ከነማ፣ ሻምፒዮን።
2014፦ ፋሲል 3፣ ሂላል 3።

የአርሰናሉን ባነር ማንም ያውርድ አላልኩም። ከጎኑ ያለው ግድግዳ ግን ባዶ ነው።

አንድ አደራ ብቻ። ከመጻፋችሁ በፊት አጣሩ። ፌስቡክ ላይ የወጣ ስህተት ነገ ይጠፋል፤ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ስህተት ግን አንድ ትውልድ ያስተምራል። ታሪኩን በቃላቸው የያዙ ታላላቆች አሉ፤ ቡና ሲጠጡ ጠጋ ብላችሁ ጠይቋቸው።

ፀጉሬን ያስተካከለኝን ልጅ ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ እንዲህ አለኝ፦ «ያ የሂላሉ ጨዋታ ስንት ለስንት አለቀ አልከኝ?»

ነገርኩት። ከመስታወቱ ሥር ካለው ወረቀት ላይ ጻፈው። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ስመጣ ከወረቀቱ ወደ ግድግዳው ወጥቶ አገኘዋለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ።