ደንበኛው ማን ነው? የጉዞ ወኪልና የኮምፒዩተር መዝገብ

አንድ ኃፍረት በመናዘዝ ልጀምር። ከዓመታት በፊት ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ አገር ስሄድ አውሮፕላን አምልጦኛል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዤ፣ ዘመድ ቤት አድሬ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቦሌ የደረስኩት ከንጋቱ 11 ሰዓት ነበር። ትኬቱን ከቆረጥኩበት ቢሮ የተሰጠኝ ፖስታ ላይ ሠራተኛው በእጁ «ጠዋት 1፡40» ብሎ ጽፎልኛል። ኮምፒዩተሩ ያሳየው ግን 01፡40 በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ ይኸውም በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። እኔ ዘመድ ቤት በሰላም ተኝቼ ሳለሁ አውሮፕላኑ ሄዷል። ስለ ጊዜና ስለ ቦታ ሊማር የተነሣ የፊዚክስ ሰው በስድስት ሰዓት ልዩነት ተረታ። የቀን ማስለወጫ ቅጣት ከፍዬ፣ ከትምህርቱ መክፈቻ አንድ ሳምንት ዘግይቼ ገባሁ።

ሠራተኛውን ሰነፍ ማለት አይቻልም፤ ቁጥሩን በትክክል ነው የገለበጠው። የጎደለው የቁጥሩ መነሻ ነው። እኛ ሰዓትን መቁጠር የምንጀምረው ከንጋት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከእኩለ ሌሊት። በቤተ ሙከራ ተማሪ የመለኪያ መነሻውን ሳይጽፍ ውጤት ቢያቀርብልኝ ነጥብ እቀንስበታለሁ። በጉዞ ቢሮ ግን ነጥቡ የሚቀነሰው ከደንበኛው ኪስ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ በቅርቡ የገጠመኝ ጉዳይ ነው። የቀድሞ ተማሪዬ የነበረች ወጣት እዚሁ ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ የጉዞ ወኪልና የአስጎብኚነት ቢሮ ከፍታለች። አንድ ቀን መጥታ፣ «መምህር፣ የደንበኞች መያዣ ሶፍትዌር ልገዛ ነው፤ እባክዎ ይምረጡልኝ» አለችኝ። የደንበኞቿ ጉዳይ ተበታትኖ የሚገኘው በሦስት ደብተር፣ በሁለት ስልክና በራሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የማን ፓስፖርት መቼ ይቃጠላል? ቀሪ ክፍያ ያለበት ማን ነው? አምና ወደ አርባ ምንጭ የሄደው ቡድን ምን ቅሬታ ነበረው? ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ የቀረው እንዲሆን ስለሚጠይቁ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን የአንድን ሰው ጉዞ ያስቀራል። እንዲህ ያለውን ሁሉ በአንድ ቦታ ይዞ በጊዜው የሚያስታውስ ፕሮግራም መፈለጓ ተገቢ ነበር።

«ቲኬት የሚቆርጡበት ኮምፒዩተር ይህን አይሠራም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይሠራም። ምክንያቱ ያለው በታሪኩ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ታላቅ የመቀመጫ መያዣ ሥርዓት፣ አሜሪካን ኤርላይንስ ከአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ጋር የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1964 ሙሉ በሙሉ ሥራ የጀመረው ሴበር ነው። ከጀርባው ሴጅ ከተባለው የአሜሪካ የአየር መከላከያ የኮምፒዩተር መረብ የተቀሰመ ልምድ ነበረበት። ዛሬ የቲኬት ቢሮዎች የሚጠቀሙባቸው ሴበር፣ አማዴየስና ጋሊሊዮ ሁሉ የተነሡት ከአንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ በረራ ላይ ስንት ወንበር ቀረ? ለእያንዳንዱ ጉዞም ስድስት ምልክት ያለው መለያ ይሰጣሉ። 26ቱ የላቲን ፊደላትና 10ሩ አኃዞች ሁሉ ቢፈቀዱ 36 በስድስት ጊዜ ሲባዛ 2,176,782,336 ልዩ ልዩ መለያ ይገኛል። መለያው ግን የጉዞው ነው። ጉዞው ሲያልቅ ሰውየው ለሥርዓቱ እንግዳ ሆኖ ይመለሳል። ሰውየውን የማወቅ ሥራ የቀረው ለወኪሉ ነው።

እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ስለ ፕሮግራሙ ዋጋ፣ ስለ ኢንተርኔት መቆራረጥና ስለ መጠባበቂያ ቅጂ መጨነቅ ጀመርኩ። እነዚህ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች በመሆናቸው አንባቢን አላደክምባቸውም። ችግሩ የመጣው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሙከራ የተሰጠንን የውጭ ፕሮግራም ከፍተን የደብተሩን ስሞች መገልበጥ ስንጀምር ነው።

የመጀመሪያው ቅጽ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ ሁለቱም ካልተሞሉ ወደ ፊት አያሳልፍም። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። ልጅቷ የአባትን ስም አስገባችበት፤ ሌላ ምን ታድርግ? ፕሮግራሙም ብልህ ነኝ ብሎ የቤተሰብ ስማቸው አንድ የሆነውን ደንበኞች በአንድ ቤተሰብ ሰበሰባቸው። አባታቸው ተስፋዬ የሚባሉ፣ ከቶ የማይተዋወቁ ሰዎች ሁሉ ወንድማማች ሆኑ። በአንጻሩ በአንድ ቤት የሚኖሩ ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት ባዕዳን ሆነው ተበተኑ፤ ሚስት የአባቷን ስም አትለቅምና፣ ልጅም በአባቱ ስም እንጂ በአያቱ ስም አይጠራምና። ፕሮግራሙ ለደንበኛው ያዘጋጀው የምስጋና ደብዳቤ ደግሞ «ውድ አቶ ተስፋዬ» ይላል። ሰላምታው ለደንበኛው አባት ሄደ ማለት ነው፤ አባትየው ምናልባት ነፍሳቸውን ይማርና ካረፉ ቆይተው ይሆናል። በዚህ ላይ በፓስፖርቱ ብዙውን ጊዜ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚሰፍረው የአያት ስም በመሆኑ፣ አንዱ ሰው በደብተሩና በፓስፖርቱ ሁለት ሰው ይመስላል። በደብተሩ ውስጥ «የማሙሽ እናት» ተብለው ብቻ የተመዘገቡ ሴትም አሉ። ማን እንደሆኑ ባለቢሮዋ ታውቃለች፤ ኮምፒዩተሩ ግን አያውቅም።

ፊደላችንም የራሱን ጣጣ ጨመረ። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ስድስት ምርጫ። ሥ ወይም ስ፣ ሁለት። ሴ ወይም ሤ፣ ሁለት። ተለያይቶ ወይም ተያይዞ፣ ሁለት። ሲባዛ 48 አጻጻፍ ይሆናል፤ በላቲን ፊደል የሚጻፍባቸውን መንገዶች ሳንቆጥር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቁጥሮች ከማግኘቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱ ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ያ ችግር ተፈትቷል። ነገር ግን ዩኒኮድ ለሰ እና ለሠ ሁለት ልዩ ልዩ ቁጥር ስለሰጠ፣ ለኮምፒዩተሩ የሁለቱ ልዩነት በሰ እና በመ መካከል ካለው አያንስም። አንዱ አቶ ኃይለ ሥላሴ 48 ደንበኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ሌላው ቀርቶ የከተማችን ስም ራሱ አዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ እየተባለ ይጻፋል፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ዓለም አቀፍ መለያም እስካሁን «ሀ»ን ሳይጨምር ኤ ደብሊው ኤ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ፤ ማንም ሰው ስሙን በፕሮግራም ሊታረም አይገባም። ከጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተሰወረ ዓምድ ይኑር፤ በዚያ ውስጥ ሞክሼ ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ይለወጡ፣ ክፍተቱም ይጥፋ። ይህን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ምሽት ይጽፈዋል። ከውጭ የተገዛው ፕሮግራም ውስጥ ግን አልነበረም፤ በየዓመቱ ለመመረቂያ በሚቀርቡ «የመረጃ አያያዝ ሥርዓት» በተባሉ ሥራዎች ውስጥም እምብዛም አላየሁትም። ለምን? ተማሪዎቻችን ቅጹን ከውጭ መጻሕፍት ስለሚገለብጡ ነው። «ፈርስት ኔም፣ ላስት ኔም» ብለው ይጀምራሉ፤ ስማቸውን ጠይቁአቸው እንጂ እነርሱ ራሳቸው ላስት ኔም የላቸውም።

ወደ ቀን እንምጣ። የፕሮግራሙ የወር ዝርዝር 12 ነው፤ ጳጉሜን የተወለደ ሰው ቦታ የለውም። ይህ ሲለወጥ የሚስተካከል ነው። አስቸጋሪው የትኛው ዘመን እንደተጻፈ አለመታወቁ ነው። የካቲት 3 ቀን 1972 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፓስፖርቱ ላይ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1980 ነው። ሠራተኛዋ በችኮላ የእኛን ቀን በፈረንጅ ሣጥን ብታስገባ ፕሮግራሙ አይቃወምም፤ ለእርሱ ሰውየው ስምንት ዓመት አርጅቷል፣ በቃ።

እዚህ ላይ ፓስፖርቱ ራሱ ይረዳናል። በፎቶው ገጽ ግርጌ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የያዙ ሁለት መስመሮች አሉ። ከልደት ቀኑ ቀጥሎ ያለችው አንዲት አኃዝ የማረጋገጫ አኃዝ ናት። የቀኑን ስድስት አኃዞች በተራ በ7፣ በ3፣ በ1፣ እንደገና በ7፣ በ3፣ በ1 አባዝቶ መደመር፣ ከድምሩም የመጨረሻውን አኃዝ መውሰድ ነው። ለ80-02-11 ድምሩ 74 ስለሆነ አኃዟ 4 ናት። ሠራተኛዋ በስሕተት 72-06-03 ብታስገባ ድምሩ 100፣ አኃዙም 0 ይሆናል። ከ4 ጋር አይገጥምም፤ ስሕተቱ ተያዘ። ከአሥር አንድ ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል፤ ቢሆንም የሦስት መስመር ፕሮግራም ዘጠኙን ካስቀረ አይናቅም።

ሁሉም ቀን ግን በዚህ አይረጋገጥም። «የተወለድኩት በጣሊያን ጊዜ ነው» ያሉ አዛውንት፣ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ» ያሉ እናት አሉ። ለእነዚህ በፓስፖርት ላይ የተጻፈው ቀንና ወር ግምት ሊሆን ይችላል። ካልለካነው በላይ አኃዝ መጻፍ በፊዚክስ ነውር ነው፤ መዝገቡም «ታውቋል» ወይም «ተገምቷል» የሚል አንድ ምልክት ቢጨምር ለአዛውንቱ ክብር፣ ለሠራተኛዋም ጥንቃቄ ይሆናል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ለአንድ የሐዋሳ ጉዞ ወኪል ከዓመቱ ትልልቅ ቀኖች አንዱ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በዓሉ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን ተመልክተው ነው። ከውጭ አገር ቀድሞ ቦታ የሚያስይዝ እንግዳ አለ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ቀን ካልተሞላ አልመዘግብም ይላል። ልጅቷ በመጨረሻ የውሸት ቀን ሞልታ ነበር። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የውሸቱ ቀን ከእውነተኞቹ ጋር አንድ ስለሚመስል ከወር በኋላ የትኛው ግምት እንደነበረ እርሷም አታስታውስም።

ስለ ምስጢር ጉዳይ አንድ ነገር ልበል። በብዙ ቢሮዎች የደንበኛ ፓስፖርት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲተላለፍ እናያለን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የማያስፈልግን መረጃ አለመሰብሰብ ከማንኛውም መቆለፊያ የሚሻል ጥበቃ ይመስለኛል።

ታዲያ የትኛውን ፕሮግራም መረጥንላት? እስካሁን አንዱንም። ሻጩ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ሣጥን መለወጥ ወይም አለመሙላት እንዲቻል ካላደረገ፣ ለቀንም «ገና አልታወቀም» የሚል ምርጫ ካልሰጠ፣ እንዳትገዛ መክሬአታለሁ። ለጊዜው በተራ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ጀምረናል፦ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቢሮው የሚሰጠው የማይለወጥ ቁጥር፣ ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው፣ ስም ለፍለጋ፣ ስም በፓስፖርት እንዳለ፣ ቀን ከነዘመኑና ከነማስተማመኛው፣ ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር። ቲኬት ስትሰጥም «ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40» ብላ በቃል ትናገራለች፤ ይህን ያስገደድኳት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱን አንባቢ ያውቃል።

ሦስቱ ደብተሮች አልተጣሉም። ዘወትር ቅዳሜ ረዳቷ ሠንጠረዡን ከደብተሩ ጋር ያመሳክራል። ባለፈው ቅዳሜ እኔም አጠገቡ ነበርኩ፤ ሦስት ቦታ ላይ አልገጠሙም፣ በሁለቱ ትክክል የነበረው ደብተሩ ነው። በሦስተኛው ማን ትክክል እንደሆነ ለማወቅ የማሙሽ እናት ዘንድ ተደውሏል፤ ገና አልተገኙም።