ፖከር፤ ቀይ ካርዱ ከኪስ የማይወጣበት ጨዋታ

እ.ኤ.አ 1970 ለሁለት ዓይነት ካርዶች ታሪካዊ ዓመት ነበር። በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ዳኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ቢጫና ቀይ ካርድ በኪሳቸው ከተው ሜዳ ገቡ። በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ቢኒየንስ ሆርስሹ በተባለው የቁማር ቤት፣ «ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር» የተሰኘው ውድድር አንድ ብሎ ጀመረ። ኳሱ ካርዱን ይዞ ቀጠለ። ፖከር ግን 52 ካርታ በእጁ እያለ ባለጌውን ከወንበሩ የምታስነሳዋን አንዲት ቀይ ካርድ መምዘዝ ይከብደዋል።

ፖከር ስፖርት ነው ወይስ ቁማር የሚለው ክርክር ለጊዜው ይቆይ። ጨዋታው የራሱ ጨዋነት እንዳለው ግን ማንም አይክድም። ተራህን ጠብቅ። ካርታህን ጥለህ ከወጣህ ሌሎቹ ስለያዙት አታውራ። ካርታ አዳዩ ላይ አትጩህ፤ መጥፎ ካርታ የሰጠህ ዕድልህ እንጂ እሱ አይደለም። ማሸነፍህን እያወቅህ ካርታህን ደብቀህ ሰውየውን በተስፋ አታንጠልጥለው፤ «ስሎው ሮል» የሚሉት ይሄ ድርጊት ከነውሮች ሁሉ የከፋው ነው። ሲያሸንፉህ ደግሞ ጠረጴዛውን በጣትህ መታ መታ አድርገህ «ጥሩ ተጫውተሃል» በል። የድሮዎቹ ሁሉ መላእክት ነበሩ ማለት አይደለም። ነገር ግን ያፈረሰ ሰው ያፍር ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ካሜራው ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ ሂሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር የኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ ዋናውን ውድድር አሸነፈና 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያ ዓመት ተወዳዳሪው 839 ነበር። በ2006 ቁጥሩ 8,773 ደረሰ። ቴሌቪዥኑ የተጫዋቾቹን የተደበቀ ካርታ ለተመልካች ያሳይ ጀመር። ታዲያ ዝም ብሎ ስሌት የሚሠራን ሰው ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ካሜራው የሚጮኸውን፣ የሚፎክረውን፣ ሰው ላይ ሙድ የሚይዘውን መረጠ። ብልግና የቲቪ ሰዓት የሚገዛ ሸቀጥ ሆነ።

የዚህ ዘመን ምልክት ፊል ሄልሙዝ ነው። ችሎታውን የሚጠራጠር የለም። በ1989 ገና በ24 ዓመቱ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈውን ጆኒ ቻንን ረትቶ የዋናው ውድድር ሻምፒዮን ሆነ። ለአሸናፊ የሚሰጠውን የእጅ አምባር 17 ጊዜ አጥልቋል። ቅጽል ስሙ ግን በእኛ ቋንቋ «የፖከሩ ሞልቃቃ» እንደማለት ነው። ሲሸነፍ ያሸነፈውን ሰው ይሰድባል። በ2021 ደግሞ ካላሸነፍኩ ይህን ቤት አቃጥለዋለሁ ብሎ ሲዝት ተቀርጾ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም።

ዋናው ጥፋት የሄልሙዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በ2008ቱ ዋና ውድድር አስና ንጉሥ ይዞ ሳለ አንድ ብዙም የማይታወቅ ተጫዋች 10 እና 4 ይዞ ረታው። ሄልሙዝ ሰውየውን «ደደብ» እያለ ይወርድበት ጀመር። ዳኞቹ ሥራቸውን ሠሩ፤ በማግስቱ ጨዋታው ሲጀመር ለአንድ ዙር ከጠረጴዛ ውጭ እንዲቆይ ቀጡት። ነገር ግን በማግስቱ ካርታ ከመታደሉ በፊት የውድድሩ ኮሚሽነር ጄፍሪ ፖላክ ቅጣቱን አነሱለት። ኮከቡ ምንም ሳይጎድልበት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። 45ኛም ሆኖ ጨረሰ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በርሊን ላይ የሆነውን የኳስ አፍቃሪ አይረሳውም። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ የፈረንሳይ አምበል፣ የመጨረሻ ጨዋታው። ዚነዲን ዚዳን ማቴራዚን በቴስታ መታ፤ ዳኛው ኤሊዞንዶም ቀይ አወጡ። «ዚዳን እኮ ነው፣ ይለፈው» ያለ የለም። ፊፋ በዚህ አላቆመም። መቺውን ሦስት ጨዋታ ሲቀጣ፣ በአፉ የተናኮሰውን ማቴራዚንም ሁለት ጨዋታ ቀጣው። ኳስ ምላስንም ዳኘ ማለት ነው። ፖከር ያጣው ይሄን ነው።

«ወሬ የፖከር አካል ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ባዶ እጁን የያዘ ሰው በወሬ ቢያስፈራራ፣ ጥሩ የያዘው ደግሞ የፈራ ቢመስል ጨዋታው ነው። የአርሰናልና የማንቸስተር ቲፎዞዎች ብሽሽቅም እኮ ያለ ወሬ አይደምቅም። ችግሩ ወሬው ካርታውን ትቶ ሰውየውን ሲነካ ነው። በ2016 ብሪታኒያዊው ዊሊያም ካሶፍ እያንዳንዱን ውሳኔ በልፍለፋ እያጓተተ ጠረጴዛውን ሁሉ አስመረረ። ማስጠንቀቂያም ቅጣትም ደረሰው፤ ግን አላረፈም። በመጨረሻ ካናዳዊው ግሪፈን ቤንገር ትዕግሥቱ አልቆ ይሄ ጨዋታ ሳይሆን ዘለፋ ነው ብሎ ፊት ለፊት ነገረው። ከዚያ ካርታው ሲገለጥ ካሶፍ ሁለት ንጉሥ፣ ቤንገር ሁለት አስ ይዘው ተገኙ። ካሶፍ 17ኛ ሆኖ ሲሰናበት አዳራሹ በደስታ ጮኸ። ልብ ይባል፤ ያስወጣው ዳኛ ሳይሆን ካርታ ነው። ቤንገር ሁለት አስ ባይደርሰው ኖሮስ?

ትምህርት አልተወሰደም ማለት አይቻልም። በ2017 የውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበር ደንብ፣ ሰዓት የተጠራበት ተጫዋች የሚያስብበትን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ወደ 30 ሰከንድ አወረደው። ካሶፍም በ2025 ተመልሶ መጥቶ ያንኑ ጸባይ ሲደግመው በተደጋጋሚ ተቀጣ፤ 33ኛ ሆኖ ከወጣ በኋላም ከቀሩት የዓመቱ ውድድሮች ታገደ። ይህ ጥሩ ጅምር ነው። ግን ካሶፍ ሄልሙዝ አይደለም። 17 አምባር ቢኖረው ኖሮ ይታገድ ነበር ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው።

ስድቡ ደግሞ ከሒሳቡም ጋር አይሄድም። አስና ንጉሥ ከ10 እና 4 ጋር ሲገጥም ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ቢያሸንፍ ነው። አንዱን ይሸነፋል፤ ያ የጨዋታው ተፈጥሮ ነው። 10 እና 4 ይዞ የሚገባ «ፋራ» ባይኖር ባለሙያው ከማን ይበላል? እንግዳውን ሰድቦ ማባረር የራስን ገበያ መዝጋት ነው። ከዚህም በላይ ያ ሰው የመመዝገቢያውን 10 ሺህ ዶላር እንደ ሄልሙዝ እኩል ከፍሏል። የከፈለው ለመጫወት እንጂ ለመሰደብ አይደለም። ካርታ አዳዩማ ጭራሽ የሚመልስበት አፍ የለውም፤ ደሞዝተኛ ነውና ችሎ ይቀመጣል።

መፍትሔው ከኳስ ሜዳ የራቀ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ዳኛ የወሰነውን ቢሮ የተቀመጠ አለቃ አይሻረው። ለማይታወቀው አንድ ዙር የሚያስቀጣ ስድብ ለባለ 17 አምባሩም አንድ ዙር ያስቀጣ። ቴሌቪዥኑም የተቀጣውን ሰው ባዶ ወንበር ያሳይ፤ ያ ወንበር ከመቶ ፉከራ ይልቅ ያስተምራል። ቀይ ካርድ ስም አይቶ የሚወጣ ከሆነ ግን ከ52ቱ እንደ አንዱ ሆነ ማለት ነው፤ ለማን እንደሚደርስ ዕድል ብቻ የሚያውቀው።