ከሶላት ማረፍ ወይስ በሶላት ማረፍ?

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዙህርን ሰግደህ ስትጨርስ መጀመሪያ ከአፍህ የሚወጣው ቃል ምንድን ነው? እኛ ሰፈር የተለመደው «እፎይ፣ ተገላገልኩ!» ነው። ሰው ከዕዳ፣ ከክስ፣ ከበሽታ ይገላገላል። ከጌታው ፊት ከመቆምስ ይገላገላልን?

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እናቱ ሐበሻ የሆነችውን ቢላልን (ረ.ዐ.) ኢቃማ እንዲያደርግና በሶላት እንዲያሳርፋቸው ይጠይቁት እንደነበር አቡ ዳውድ ዘግበዋል። እርሳቸው በሶላት ያርፉ ነበር፤ እኛ ከሶላት እናርፋለን። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ይመስላል፤ ርቀቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። ነገር ሲከብዳቸውም ወደ ሶላት ነበር የሚሸሹት። እኛ ነገር ሲከብደን ቀድመን የምንቀንሰው ሶላትን ነው።

«ኡስታዝ፣ ይህ ለሥራ ፈት ነው፤ እኛ ጊዜ የለንም» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ወላሂ ይህን ከድሬዳዋ ሰው ስሰማ ይገርመኛል! ከተማችን ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቋን ዘግታ የምታርፍ ከተማ ናት። ጊዜ የለኝም ያለው ነጋዴ ከአወዳይ የመጣለትን ጫት ታቅፎ ከሰባት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ፍራሽ ላይ ይቀመጣል። አራት ሰዓት ሙሉ! የዐስር አዛን ሲሰማ «ቆይ አቦ፣ አሁን ገና ሞቀን» ይላል። ተረጋግቶ ቢሰግዳት ዐስር አስር ደቂቃ አትሞላም። ታዲያ የጠፋው ጊዜ ነው ወይስ ፍቅር? የሚፈልገው እኮ ዕረፍት ነው፤ እዚያ ፍራሽ ላይ የሚፈልገውን ዕረፍት ቢላል በሚጠራበት ቦታ አላመነበትም።

ቀፊራ ገበያ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ ስትሸጥ የምትውለውን እህቴን አልወቅስም። የአላህ መልክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያሰግዱ የሕፃን ለቅሶ ከሰሙ ለእናቲቱ አዝነው ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። ማሳጠርና መሯሯጥ ግን አንድ አይደሉም። ሩኩዑንና ሱጁዱን ሳያረጋጋ የሰገደውን ሰው ተመልሶ እንዲሰግድ ሦስት ጊዜ አዘውታል። እርሱ መስገዱን አልተወም እኮ! ሰግዷል፤ ግን እንዳልሰገደ ተቆጠረ።

ሐሳባችን የሚበተነው ሶላት ውስጥ አይደለም፤ ተበትኖ ነው ወደ ሶላት የምንገባው። እራት ቀርቦ ኢቃማ ቢደረግ በእራቱ እንድንጀምር መታዘዛችን ልባችን ድስቱ ዘንድ እንዳይቀር ነው። ነብያችን ጥለት ያለበት ልብስ ለብሰው ሰገዱ፤ ጥለቱ ሐሳባቸውን ስለሳበው ልብሱን ለሰጣቸው ለአቡ ጀህም መልሰው ጥለት የሌለበትን አስመጡ። ለአንድ ጥለት ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ እኛ ኪሳችን ውስጥ ገበያውን፣ ሐዋላውን፣ የጓደኛን ወሬ ሁሉ የያዘ ስልክ ከፍተን ስንሰለፍ ምን እየጠበቅን ነው? አጥፋው፣ ወንድሜ! ከኢቃማ ጥቂት ቀደም ብለህ ግባና ተቀመጥ፤ ካሰላመትክም በኋላ ጫማህን ለመፈለግ አትሽቀዳደም።

ባለፈው መድረሳ ግቢ ልጆች ሲጫወቱ አየሁ። አንዱ ሽርጡን አነጠፈና «እኔ አባባ ነኝ» አለ። እንደ ዶሮ ቶሎ ቶሎ ጫር ጫር አድርጎ ተነሳ፤ መሐል ላይ ኪሱን እየዳበሰ «ሃሎ» አለ። ሳቅኩ። አባቱን ጠርቼ ልመክረውም አሰብኩ። ይህን ጊዜ ሌላው ተነሳና «አሁን ደግሞ እኔ ኡስታዝን ልሁን» አለ። እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆመ፤ ከዚያም በዐይኑ ጥግ በሩ ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ያይ ጀመር።