የዒድ ዋዜማውን ርችት የገዛነው እኛው ነን



«ጨረቃ ታየች» ሲባል በየሰፈራችን ከተክቢራው ጋር ተደባልቆ የሚሰማ ሌላ ድምፅ አለ፤ ርችት። ባለፈው የዒድ አል-ፊጥር ዋዜማ ከኢሻ በኋላ የዘካተል ፊጥር እህል ስናከፋፍል አንድ የአሥር ዓመት ደረሳችን አባቱ አቅፎት እየጮኸ መስጂድ ገባ። ተለኩሶ ሳይፈነዳ የቀረ ርችት አንሥቶ እንደገና ሲለኩሰው መዳፉ ላይ ፈነዳበት። አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኑ ተርፏል። ሁለት ጣቶቹ ግን እስከ ዛሬ በደንብ አይታጠፉም። መድረሳ ውስጥ እስክሪብቶ ሲይዝ እናየዋለን።

በዚያ ሌሊት ብዙዎቻችን «ቀደር ነው» አልን። በቀደር እናምናለን። ግን ልጁ ርችቱን የገዛው በዒድ ብር ነው፤ ብሩን የሰጠነው እኛ፣ ሱቅ ደጃፍ ተዘርግቶ ሲሸጥ እያየን ያለፍነውም እኛ ነን። ሰበቡን በእጃችን አቀብለን ስናበቃ ዞረን በቀደር ማሳበብ አያምርብንም።

አንዳንድ ወንድሞች «ሐራም ነው በሏቸውና ይገላገል» ይሉናል። ብለን አይተነዋል። ልጆቹ አልተዉም፤ ከመንገድ ወደ ጓሮ ገቡ እንጂ። ጓሮው ደግሞ ይብሳል። የሰፈራችንን ቤት ታውቁታላችሁ፦ ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ ማድቤቱ በር ላይ የከሰል ጆንያና የጋዝ ሲሊንደር። ኮንዶሚኒየም የሚኖረውም በረንዳው ልብስ የተሰጣበት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልንተኛ ስንል የቤታችንን እሳት እንድናጠፋ አዘውናል። ያኔ የሚያሰጋው የኩራዝ መብራት ነበር።

ስለዚህ የሚፈነዳውንና የሚተኮሰውን ርችት ከቤትም ከጓሮም እናውጣው። እዚህ አዲስ አበባ በበዓል ዋዜማ ፖሊስ ሲያስጠነቅቅ ሰምተናል፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። በሌሊት ድምፁን ከጥይት የሚለይ ሰው የለም። ከግድግዳው ወዲያ የታመመች እናት ወይም አራስ ልትኖር ትችላለች፤ የጎረቤት ሐቅ ደግሞ በተክቢራ አይካካስም።

በእጅ የምትያዘዋን ብልጭልጭ ሽቦ ግን «ይቺ ምን ታደርጋለች» ብለን ለሦስት ዓመት ሕፃን እንሰጣለን። ሙቀቷ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ በከተማችን የሚፈላ የሻይ ውሃ 100 እንኳ አይሞላም። ደግሞ የዒድ ልብሳችንን አስቡት፤ ረጅም እጅጌ፣ የሚንጠለጠል ሻሽ፣ ብዙው እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ጨርቅ። ሽቦዋ ከጠፋችም በኋላ ትፋጃለች፤ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ይረግጣታል።

ይለኮስ ካላችሁ ደጅ ይሁን፤ የሚለኩሰው አዋቂ ይሁን፣ ትንንሾቹም ይመልከቱ እንጂ አይያዙ። ሻሹ ወደ ኋላ ይታሰር። ባልዲ ሙሉ ውሃ አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ ያለቀውን ሽቦ እዚያው ክተቱት። ሳይፈነዳ የቀረ ርችት ካያችሁ፣ የማንም ይሁን፣ ልጆቹን አርቁ። ጎንበስ ብላችሁ አትዩት፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ ጠብቃችሁ ከራቅ ብላችሁ ውሃ አፍስሱበት። የኛ ደረሳ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። እኛም አልነገርነውም።

አንድ ነገር እንጨምር። ልጁ መስጂድ ሲደርስ እጁ በጥርስ ሳሙና ተለውሶ ነበር። ሌላ ቤት ቅቤ ወይም ሊጥ ይቀባሉ። ምንም አትቀቡ። የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያፍስሱበት፤ በረዶ ግን አይሁን። እጅ ከሆነ ሳያብጥ ቀለበትና አምባሩን አውልቁ። ዓይን ከተመታ አትሹት፣ አትጫኑት፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ዘንድሮ በዋዜማው ደረሶቻችንን ከኢሻ በኋላ መስጂዱ ግቢ ውስጥ ሰብስበን ተክቢራ እናስብላቸዋለን፤ ቴምርና ከረሜላ የሚያመጣ አባት እንፈልጋለን። ከመስጂዱ በር ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘርግታችሁ ርችት ለሕፃናት የምትሸጡ የጀመዓችን ወንድሞች ደግሞ፣ ስማችሁን እዚህ አናነሣም። ከዒዱ በፊት የልጁን አባት ይዘን እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ።